«ግማሽ» የምን ግማሽ ነው?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ፍኖተ ሰላም ከተማ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። 22 ዓመት በአንዲት ሲንጀር መኪና ስሠራ ኖሬአለሁ። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ከሆንኩም 11 ዓመት አለፈኝ። ጋዜጣችሁ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። መንገድ ሲዘጋ ጭራሽ አይደርስም። ሲደርስ ግን ከፊት ገጽ እስከ ማስታወቂያው አነበዋለሁ።

ሰሞኑን ከደረሱኝ እትሞች በአንዱ ስለ መንግሥት አወቃቀር የተጻፈ አስተያየት አየሁ። አስተያየት ሰጪው አገራችን ፓርላሜንታዊውን ሥርዓት ትታ ማንም በቀላሉ የማያወርደው ፕሬዚዳንት ይኑራት ይላሉ። ማስረጃ ያደረጉት ቫኑዋቱ የምትባለውን የደሴት አገር ነው። እዚያ ጠቅላይ ሚኒስትር ወንበሩ ሳይሞቅ ይነሳል፣ ፓርላማ ለትንሽ አገር መዘዝ ነው ብለዋል።

የእህቴ ልጅ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ይማራል። ለእረፍት ሲመጣ «እስቲ ይህን አገር ከነታሪኩ አውጣልኝ» አልኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ አብረን ተቀመጥን። እሱ ከእንግሊዝኛው እየመለሰ ይነግረኛል፣ እኔ ቁልፍ እየተከልኩ እጠይቃለሁ። አስተያየት ሰጪው ስለ መናወጡ ያሉት እውነት ነው። ምክንያቱ ላይ ግን ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ። ነገሩ ቀላል ስላልሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቫኑዋቱ ከአውስትራሊያ በስተምሥራቅ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የተዘረጉ 80 ያህል ደሴቶች ናት። ሕዝቧ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲቆጠር 300 ሺህ ገደማ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የባሕር ማዶ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ሕዝብ ከ100 በላይ ቋንቋ አለው። ከ1906 ጀምሮ እንግሊዝና ፈረንሳይ በጋራ ገዙት። በጋራ ሲባል ተስማምተው አይምሰላችሁ። ሁለት ፖሊስ፣ ሁለት ዓይነት ትምህርት ቤት፣ ሁለት ዓይነት ሕግ ነበር። ፓርቲዎቹም ሲወለዱ ስንጥቁን ይዘው ተወለዱ። እንግሊዝኛ የተማረው ባንድ በኩል፣ ፈረንሳይኛ የተማረው በሌላ በኩል ሆነ። ጁላይ 30 ቀን 1980 ነፃ ሲወጡ አንዷ ትልቅ ደሴት ልገንጠል ብላ ነበር። ነገሩን ያበረዱት ከፓፑዋ ኒው ጊኒ የመጡ ወታደሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዋልተር ሊኒ የአንግሊካን ቄስ ነበሩ። 11 ዓመት መሩ። አስተያየት ሰጪው ይህን አላነሱትም። ፓርላማው ያው ነበር፣ ሕገ መንግሥቱም ያው። ነገር የተበላሸው ፓርቲያቸው ተሰንጥቆ በ1991 እሳቸው ከወረዱ በኋላ ነው። ሥርዓቱ ራሱ በሽታ ከሆነ እነዚያ 11 ዓመታት ከየት መጡ?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አልክድም። በኤፕሪል 2011 ጠቅላይ ሚኒስትር ሳቶ ኪልማን በ26 ለ25 ድምፅ ወርደዋል ተባለ። ሰርጅ ቮሆር ተተኩ። ፓርላማው 52 መቀመጫ አለው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነገሩን መርምሮ «ከ52 ውስጥ ከግማሽ በላይ ማለት 27 ነው፣ 26 አይበቃም» የሚል ውሳኔ ሰጠ። ቮሆር ሦስት ሳምንት ሳይሞላቸው ወንበሩን መለሱ። በጁን ደግሞ ዋናው ዳኛ የኪልማን የቀድሞ ምርጫ ራሱ በምስጢር ድምፅ አልተደረገም ብለው ሻሩት። ሌላ ሰው ለጥቂት ቀን ያዘ። ፓርላማው ተሰብስቦ መልሶ ኪልማንን መረጠ። በ2023 ያው የ26 ጥያቄ ተመለሰ። አፈ ጉባኤው 26 አይበቃም አሉ፣ ፍርድ ቤቱ በዚህኛው ጊዜ ይበቃል አለ። ኢሽማኤል ካልሳካው ወረዱ፣ ኪልማን ገቡ፣ አንድ ወር ገደማ ቆዩና ቻርሎት ሳልዋይ ተተኩ።

የእህቴ ልጅ ይህን ሲያነብልኝ መርፌውን አስቀመጥኩ። «አክስቴ፣ ምነው?» አለኝ። ምን እንደሆንኩ ልንገራችሁ።

እድራችን 212 አባል አለው። መተዳደሪያ ደንባችን ድሮ የተጻፈ ነው። «የእድሩ ዳኛ በግማሽ ድምፅ ይወርዳል» ይላል። የምን ግማሽ እንደሆነ አይልም። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ እሁድ በመዋጮ ጭማሪ የተቆጡ ሰዎች ስብሰባ ጠሩ። 61 ሰው መጣ። 34ቱ ዳኛው ይውረዱ ብለው እጅ አወጡ። የቃለ ጉባኤው መዝገብ ጉልበቴ ላይ፣ እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው። ሁሉም እኔን ያያል። 34 ከ61 ከግማሽ ይበልጣል። ከ212 ግን ከስድስት አንድ እንኳ አይሞላም። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ ደቅኜ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ «ወርደዋል» ብዬ ጻፍኩ። አዛውንቱ ዳኛችን ተነስተው ጋቢያቸውን አስተካከሉና ምንም ሳይናገሩ ወጡ። ያ ቀን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ሁለት ወር ሳይቆይ የእሳቸው ወገን የሆነው 70 ሰው ይዞ መጣ። የተተካውን አወረደ። በጥር ደግሞ ሦስተኛ ሰው ተመረጠ። በዚህ መካከል የመጀመሪያው ዳኛ ለአዲስ ድንኳን ሸራ ባሕር ዳር ቀብድ ከፍለው ነበር። ሁለተኛው ውሉን ሰረዙ። ሦስተኛው ከሌላ ነጋዴ ይገዛ አሉ። ቀብዱ ቀለጠ። ድንኳን የለም።

ሐምሌ ላይ የሰፈራችን አንዲት እናት አረፉ። አሮጌውን ድንኳን ተከልን። ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። ውኃው ሸራው ላይ ተጠራቅሞ እንደ ጎተራ ሆድ ተንጠለጠለ። አንድ ሽማግሌ ከሥር በዱላ ሊያፈሱት ገፋ አደረጉት። መጋጠሚያው ስፌት ተተረተረ። ውኃው እንዳለ የሟች ልጅ ላይ ወረደ። ልጅቱ አልተነሳችም። ነጠላዋ ከትከሻዋ ተጣብቆ ዝም ብላ ተቀመጠች። ዳቦ ቆሎው ራሰ። ሴቶቹ ሰፌዱን ወደ ጎረቤት ቤት አሸሹ።

በማግሥቱ ድንኳኑን እኔ ሱቅ አምጥተው ጣሉት። ሻጋታ ሸተተ። በመኪና ልሰፋው ብል መርፌ ሁለት ጊዜ ተሰበረብኝ። በወስፌና በሲባጎ ሦስት ቀን በእጄ ሰፋሁት። ያንን ስሰፋ የማስበው ስለ ዝናቡ አልነበረም። ስለዚያች «ግማሽ» ስለምትል ቃል ነበር።

ከዚያ ደንቡን አሻሻልን። ሦስት እሁድ ፈጀብን። አሁን ዳኛ የሚወርደው ከጠቅላላው አባል ከግማሽ በላይ ሲስማማ ነው። ይውረድ የሚል ሰው ማን እንደሚተካ አብሮ ስም ይጠራል። ጥያቄውም ከ15 ቀን በፊት በጥሩንባ ይለፈፋል። የእህቴ ልጅ እንደነገረኝ «ተተኪውን ሳትሰይም አታውርድ» የሚለው በጀርመን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 67 ላይ ያለ ነው። ከ1949 ጀምሮ በዚያ መንገድ የወረደ መሪ አንድ ብቻ ነው፣ በ1982። እኛ ይህን አናውቅም ነበር። ድንኳኑ ነው ያስተማረን።

ስለዚህ ቫኑዋቱን ሳያት የሚታየኝ ያልተጠናቀቀ ደንብ ነው። ከደንቡም የባሰ አንድ ነገር አለ። እሱም የምርጫው መንገድ ነው። በብዙ ቦታ በአንድ የምርጫ ክልል ብዙ ሰው ይመረጣል። ድምፅ ሰጪው ግን አንድ ሰው ብቻ ይመርጣል። ብዙ ድምፅ ያገኙት በተርታ ይገባሉ። እንዲህ ሲሆን ለመግባት የሰፊው ሕዝብ ድምፅ አያስፈልግም። የመንደሩና የዘመዱ ድምፅ ይበቃል። ያንድ ፓርቲ ሰዎችም እርስ በርስ ድምፅ ይነጣጠቃሉ። በ2022 ምርጫ ከ52ቱ መቀመጫ ከ7 በላይ የያዘ ፓርቲ አንድም የለም። 7 መቀመጫ ይዞ መንግሥት ለመመሥረት ስንት ደጃፍ ማንኳኳት እንደሚያስፈልግ አስቡት። እያንዳንዱ በር የሚከፈተው ደግሞ በሚኒስትርነት ነው። ሚኒስትርነት ያላገኘው ማታውኑ ወደ ሌላው ወገን ይሻገራል።

ዋጋውን የሚከፍለው ሕዝቡ ነው። በማርች 2015 ፓም የሚባል አውሎ ነፋስ አገሩን ጠራርጎት ሄደ። የጤና ጣቢያ ጣሪያ ሳይቀር ነቀለ። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆ ናቱማን በመተማመኛ ድምፅ ወረዱ። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ማንን ይጠይቅ? ትናንት ያነጋገረው ሚኒስትር ዛሬ የለም። እዚህ ላይ ከአስተያየት ሰጪው ጋር አንድ ነን።

ግን በዚያው ዓመት የሆነውንም ይጨምሩበት። የፓርላማ አባላት ወደ አንድ ወገን ለመሻገር ገንዘብ ሰጥተዋል፣ ተቀብለዋል ተብለው ተከሰሱ። ከተከሰሱት አንዱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሞአና ካርካሴስ ነበሩ። በኦክቶበር 2015 ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ አላቸው። ፕሬዚዳንቱ ባልድዊን ሎንስዴል በዚያ ሰሞን ከአገር ውጭ ነበሩ። በሕጉ መሠረት አፈ ጉባኤው ተክተው ይሠራሉ። አፈ ጉባኤው ራሳቸው ከተፈረደባቸው አንዱ ናቸው። በዚያች የውክልና ጊዜ ራሳቸውንና 13 ሰዎችን በምሕረት ነፃ አደረጉ!

ሎንስዴል ተመለሱ። እሳቸውም ቄስ ናቸው። ምሕረቱን ሻሩት። ጉዳዩ እንደገና ፍርድ ቤት ሄደ፣ ፍርድ ቤቱም መሻሩን አጸና። 14 የፓርላማ አባላት እስር ቤት ገቡ። ፓርላማው ተበተነ። በጃንዋሪ 2016 ሕዝቡ መረጠ። ከዚያ ምርጫ የወጡት ሳልዋይ እስከ 2020 ሙሉ ዘመናቸውን ጨረሱ።

ይህን ክፍል የእህቴን ልጅ ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። ወታደር አልወጣም። በ2011ም፣ በ2015ም፣ በ2023ም መሪ ሲወርድና ሲወጣ ጠቡ ያለቀው በድምፅና በፍርድ ቤት ነው። የተሸነፈው ሰው ቤቱ ገብቶ አድሯል። ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ሄደዋል። እኔ ይህን የማነበው ፍኖተ ሰላም ሆኜ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ያልሄዱባቸውን ወራት ቆጥሬአለሁ። የከተማችንን ስም ስጠራ ትርጉሙ ጉሮሮዬ ላይ የሚቀርባቸው ቀኖች አሉ። ስለዚህ «መረጋጋት» ሲባል አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ስንት ዓመት ቆየ ብቻ ተብሎ ሲቆጠር አልስማማም። ሰው የሚወርድበት መንገድ መኖሩም መረጋጋት ነው።

ደግሞ ትንሽ የደሴት አገር ሁሉ ይናወጣል ማለት አይደለም። ወደ እኛ ቀረብ ብላ ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ ሞሪሸስ አለች። እሷም ፓርላሜንታዊ ናት። ሕዝቧ ከአንድ ሚሊዮን ትንሽ ይበልጣል። ሂንዱ፣ ክርስቲያን፣ እስላም፣ ከአፍሪካ፣ ከሕንድ፣ ከቻይና የመጣ ዘር ሁሉ አለባት። በ1968 ነፃ ከወጣች ጀምሮ መፈንቅለ መንግሥት አታውቅም። የነፃነት መሪያቸው ሲውሳጉር ራምጉላም በ1982 ምርጫ የራሳቸውን ወንበር ሳይቀር ተሸነፉ። ተቃዋሚዎች ዋናዋ ደሴት ላይ ያሉትን 60 ወንበሮች በሙሉ ወሰዱ። ራምጉላም አስረክበው ሄዱ። አገሩ አልጣላቸውም። ኋላ ጠቅላይ ገዥ፣ ማለት የእንግሊዝ ንግሥት ወኪል፣ አድርጎ በክብር አስቀመጣቸው። ያ ያሸነፈው ጥምረት ደግሞ ዓመት ሳይሞላው ተሰነጠቀ። በ1983 እንደገና ምርጫ ተጠራ፣ ኑሮ ቀጠለ። በ2024 ልጃቸው ናቪን ራምጉላም ከተቃዋሚነት ተነስተው ከ62ቱ 60 ወንበር ሲያሸንፉ ሥልጣን ላይ የነበሩት ሽንፈታቸውን ተቀበሉ። እዚያ ፓርቲዎች የሚጣመሩት አብዛኛውን ጊዜ ከምርጫ በፊት ነው። መራጩ ማን ከማን ጋር እንደሚያስተዳድረው አውቆ ይመርጣል። ልዩነቱ ይህ ይመስለኛል። የቫኑዋቱ መራጭ ግን መንግሥቱን የሚያውቀው ከምርጫው በኋላ፣ በሩ ተዘግቶ ሲነጋገሩ ነው።

ቫኑዋቱዎችም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሜይ 29 ቀን 2024 በታሪካቸው የመጀመሪያውን ሕዝበ ውሳኔ አደረጉ። ጥያቄው ሁለት ነበር። ከተመረጠበት ፓርቲ የወጣ ወይም የተባረረ አባል መቀመጫውን ይጣ ወይ? በግል ተወዳድሮ የገባስ አንዱን ፓርቲ ይቀላቀል ወይ? ሕዝቡ ሁለቱንም አዎ አለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፓርላማው እንደገና ተበተነ። ዲሴምበር 17 ቀን ደግሞ ዋና ከተማቸውን ፖርት ቪላን 7.3 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ከዚያ አንድ ወር ሳይሞላ፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 2025 ወጥተው መረጡ። ፎቁ የተሰነጠቀበት ሕዝብ ተሰልፎ ድምፅ ሰጠ። ጆታም ናፓት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ይህ ሕግ ይሠራል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ የመጀመሪያው ክፍል ደስ ይለኛል፣ «የተባረረ» የምትለው ግን ታስፈራኛለች። በፈቃዱ የወጣ ይውጣ። የፓርቲው አለቃ ያባረረው መቀመጫውን የሚያጣ ከሆነ ግን የሕዝብ ተወካይ የአለቃው ተቀጣሪ ይሆናል። እውነት ሊናገር ሲል ወንበሩ ይታየዋል። እዚህ ቤት ይህን ችግር ማስረዳት አያስፈልገኝም። እኛ የለመድነው አባል ከወዲያ ወዲህ እየተሻገረ መንግሥት ሲያናውጥ አይደለም። አንድም እጅ ሳይቀር አብሮ ሲነሳ ነው የለመድነው።

ወደ አገራችን ልመለስና ላብቃ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 45 የመንግሥታችን አወቃቀር ፓርላሜንታዊ ነው ይላል። አንቀጽ 60 ደግሞ በጣምራ የተመሠረተ መንግሥት አብላጫውን አጥቶ ሲፈርስ ፕሬዚዳንቱ ሌሎች ፓርቲዎችን በአንድ ሳምንት ውስጥ ጣምራ መንግሥት እንዲመሠርቱ ሊጋብዝ ይችላል ይላል። ካልተስማሙ ምክር ቤቱ ይበተንና ምርጫ ይደረጋል። አንድ ሳምንት! ድንኳን ለመግዛት ሁለት ዓመት የፈጀብን ሰዎች ነን። ይህ አንቀጽ እስከ ዛሬ በሥራ አልተፈተነም። በመተማመኛ ድምፅ የወረደ ጠቅላይ ሚኒስትርም የለንም። እና አስተያየት ሰጪው «ፓርላማ ሞክረን አልሆነልንም» ሲሉ፣ እኔ መቼ ሞከርነው እላለሁ። 547 መቀመጫ ያለው ምክር ቤት አንድ ወገን ብቻ ሲሞላው ፓርላማ ተሞከረ አይባልም።

ማንም የማያወርደው ፕሬዚዳንት ይሁን የሚለውን ሐሳብ ሱቄ ውስጥም እሰማዋለሁ። ሰው ደክሞታል። አንድ ጠንካራ ሰው መጥቶ ሁሉን ጸጥ ያድርግልን ይላል። አልፈርድበትም። እኔ ግን የምመርጠው ማውረጃ ያለውን ወንበር ነው፣ የማውረጃው ደንብ ግልጽ ሆኖ ከተጻፈ።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር አለ። አንቀጽ 60ን እንዳለ አትሙልን። ከጎኑ የሕግ ባለሙያ ጠይቃችሁ «አብላጫ» ሲል ከተገኘው ነው ወይስ ከጠቅላላው አባል፣ «አንድ ሳምንት» ሲል ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው የሚቆጠረው፣ በመካከሉ ማን ይሠራል፣ ይህን በቀላል አማርኛ አስረዱን። ሰው ወደዚህ ነገር ገና ሳይደርስ ቢያውቀው ይሻላል። ስንደርስበት እስክሪብቶ ይዞ የሚቸገር ጸሐፊ አይኑር።

የእድራችን አዲስ ድንኳን ባለፈው ኅዳር ተገዝቷል። መጋጠሚያውን እኔው ራሴ በድርብ ስፌት አጠናክሬዋለሁ። የወረዱት አዛውንት ዳኛ አሁን የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ቁልፉ እሳቸው ዘንድ ነው። ጋዜጣው ከወርኃዊው ስብሰባችን በፊት ከደረሰልኝ፣ ያተማችሁትን እዚያ ቆሜ አነበዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ
ፍኖተ ሰላም፣ ጎጃም